ኮፈን ላይ ያለችው ኦርሊንዳ

ይኼ የምነግራችሁ ታሪክ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። በቺማዮ ቤተ ክርስቲያን በተባረከው አፈር እምላለሁ፤ አንዲት ጠብታ ውሸት ካለበት የማነሳው ማንኪያ አፌ ሳይደርስ ይውደቅብኝ። ካላመናችሁኝ እስፓኞላ ከተማ ገብታችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። ከእኔ ጋር ያልተጣላ ሰው ካገኛችሁ ይሄንኑ ነው የሚነግራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦርሊንዳ እንቁላል በቃሪያ ስትጠብስ ነው። የወጥ ቤቷ መስኮት አይዘጋም። ሟቹ ባሏ ሴሌዶን፣ በመኪና ቀለም ከዚህ እስከ አልበከርኪ አቻ ያልነበረው ሰው፣ አንድ ጊዜ የመስኮቱን እንጨት በተረፈ ቀለም ቀባባውና ሳይደርቅ ክፍቱን ትቶት ሄደ፤ እንደተከፈተም ተጣብቆ ቀረ። በረዶ ይውረድ፣ ፀሐይ ይክረር፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የሚወራው ሁሉ ቀጥታ ድስቷ ውስጥ ይገባል። በዚያን ቀን ጠዋት የገባው የዋርሳዋ የኦኖፍሬ ድምፅ ነበር። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ሚስት ሳያገባ ጢሙ የሸበተ፣ አጥር ተደግፎ ከጎረቤቷ ከካሲልዳ ጋር ያወራል።

«ጋራዤን ጠርጌ፣ ምንጣፍ ሁሉ አንጥፌ ጨርሻለሁ» ይላል። «ዛሬ ማታ እዚያ ነው የምታድረው።»

«ኦርሊንዳስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እሷ የምታውቀው ድስት ነው። በሽቦ ነው የምትፈገፍጋት፤ ቆመሽ ታይዋለሽ!»

ኦርሊንዳ እንቁላሉን አገላበጠች። ከዚያ በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ኦኖፍሬ ኮራ ብሎ ነጭ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና፣ ጎንበስ ብሎ የቦት ጫማውን አቧራ ጠረገበት፤ አራገፈው፣ አጣጥፎ መልሶ ከተተው። እሱ እንዲህ ነው። ቤቱ ውስጥ አልጋው ሳይነጠፍ ይውላል፤ ጫማው ግን ፊት ያሳያል።

የሚያወሩት ስለ ሴት እንዳይመስላችሁ። ስለ መኪናዋ ነው። የስልሳ አራት ሞዴል ኢምፓላ ናት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የምትሄድ፣ በውስጧ ባለው ፓምፕ ሲያሻት የምትነሳ፣ ሲያሻት የምትንበረከክ። ቀለሟን ቀይ ብቻ ብትሉት ከተማው ይቀየማችኋል። የበሰለ ቼሪ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ አስቡት። ከረሜላ ቀለም ይሉታል፤ ሰው ልሶ ልሶ ያስቀመጠው ስለሚመስል። ሴሌዶን አንዱን ድርብ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ ፈትጎ፣ ሌላውን ሲደርብበት ከመስከረም እስከ ፋሲካ ጋራዥ ውስጥ ኖሯል። ጥርሱን የታመመ ሰው ፓራፋንጎዋ አጠገብ ተንበርክኮ አፉን ከፍቶ የቱ ጥርስ እንደሆነ ለይቶ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቁራ ደግሞ በሯ ላይ ያየውን ቁራ ወድዶ እህል አልቀምስም ብሎ ከስቶ ነበር፤ ሴሌዶን ሽፋን አለበሳትና ቁራው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሳንታ ፌ ተሰደደ።

የኋላ ኮፈኗ ላይ ኦርሊንዳ አለች። የአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ኦርሊንዳ፤ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘናፍሎ፣ ጆሮዋ ላይ ጽጌረዳ ሰክታ፣ የሚከተላትን ሹፌር ሁሉ ዞር ብላ ታያለች። ሴሌዶን በተጋቡበት ዓመት ራሱ ነው የሳላት። በላይዋ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥርት ያለ ቀለም ደርቦባታል። ይኸው አርባ ዓመት ሊሆን ነው። ያቺኛዋ በየሳምንቱ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ በጥላ ተቀምጣ አንዲት መስመር ሳይወጣባት ስትኖር፣ ይቺኛዋ ምድጃ ፊት ቆማ ጉንጯ ተሸበሸበ፣ ጉልበቷም እምቢ ማለት ጀመረ። ኦርሊንዳ ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ ያቺን ልጅ አትወዳትም ነበር።

ባትወዳት ይፈረድባታል? ሴሌዶን ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ማዕድ ቀርቦ «ቃሪያው ዛሬ ጨው አንሶታል» ካለ፣ ያ ረጅም ንግግር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲውን ይዞ ጥላው ስር ሲገባ ግን ምላሱ ይፈታል። «ደህና አደርሽ የኔ ቆንጆ… ፀሐዩ አቃጠለሽ እንዴ? ማን ነካሽ? ቆይ አቧራሽን በውሃ እንሸኘው፤ ማንም በእጁ አይነካሽም።» ይኼ ሁሉ በዚያ በማይዘጋ መስኮት ይገባል። ኦርሊንዳ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማለች። አንዳንዴ ሽንኩርቱ አልቆም ትከትፋለች።

አሁን ሴሌዶን የለም። በየካቲት የጣሪያውን በረዶ በርሜል ውስጥ አጠራቀመ፣ በመጋቢት ሞተ። የመኪና ማኅበራቸው ደግሞ ሕግ አለው፤ መኪናዋን የሚያጥብ ባለቤቷ ነው። ላቫጆ የገባች መኪና፣ የባዕድ እጅ የነካት መኪና፣ ቄሱ መኪናዎችን በጸበል በሚባርኩበት በበረከቱ ቀን አደባባይ አትሰለፍም። ባለቤቱ ከሞተ፣ ከቤተሰቡ መካከል በገዛ እጁ አጥቦ ለጸበል ያቀረባት ሰው ይወርሳታል። ከቀብር መልስ ምሳ ላይ ኦኖፍሬ ተነሳና «ኦርሊንዳ ታጥባት፤ ጭረት ካልተገኘባት የእሷ ትሁን። ከተገኘባት ግን ለወንድሜ መታሰቢያ እኔ ልያዛት» አለ። ኦርሊንዳ ሳህን እየሰበሰበች ነበርና ዝም አለች። ሰው ሁሉ ዝምታዋን እሺታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ኦኖፍሬ ለቁርስ ይመጣል፤ ይበላሉ፤ አያወሩም። ድሮም በሁለቱ መካከል የነበረው ወሬ ሴሌዶን ነበር።

ዛሬ፣ በበረከቱ ቀንም፣ እንደዚያው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከባዶው ወንበር ትይዩ ተቀመጠ። ቶርቲያውን፣ ያን ስስ ቂጣ፣ ቆረሰ። ላብ ግንባሩ ላይ እስኪወጣ ቃሪያውን በላ።

«ያቃጥላል» አለ በመጨረሻ።

«ያቃጥላል።»

«በምን ልታጥቢያት ነው?»

«በውሃ።»

ሳቁን ጢሙ ውስጥ ደብቆ ተነሳና፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ስር የፖም ሳጥን ገልብጦ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። የወንዝ ዳር ዛፎች ጥጣቸውን የሚበትኑበት ወር ነው፤ ነጩ ብናኝ ባርኔጣው ላይ እያረፈ ቀስ በቀስ ያሸብተው ጀመር።

ኦርሊንዳ ሽፋኑን ገለጠች። መኪናዋን በሕይወቷ በእጇ ነክታት አታውቅም። ቁልፏ ሴሌዶን አንገት ላይ ከመስቀሉ ጋር ነበር የሚንጠለጠለው። ግን እጇ ባያውቅ ጆሮዋ ያውቃል። አርባ ዓመት በመስኮት የገባ ነገር የት ይሄዳል? ከቆርቆሮው ጥላ እንዳትወጣ አደረገቻት፤ «ፀሐይ ላይ ከታጠብሽ ሳሙናው እላይሽ ላይ ይጋገራል» ይላት ነበርና። ሁለቱን ባልዲዎች አወረደች፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ የቆሸሸውን ጨርቅ ለማጥሪያ። የማጥሪያውን ባልዲ ስትገለብጥ ከስሩ አንድ ነገር ተንቋቋ። የወጥ ማጥለያዋ ነበር። አሸዋው ከስር ወርዶ እንዲቀር፣ ጨርቁ ከላይ ንጹሕ እንዲሆን ሴሌዶን ባልዲው ስር ደፍቶታል። ያ ማጥለያ ጠፍቶ ካሲልዳ ወሰደችው ብላ አንድ በጋ ሙሉ ሰላም ነስታታለች። ኦርሊንዳ ማጥለያውን ይዛ ቆመች፣ ወደ ሰማይ አየች፣ «አንተ ሌባ» አለች፣ መልሳ ባልዲው ውስጥ ደፋችው።

ከዚያ የበርሜሉን ክዳን አነሳች። የጉድጓዳቸው ውሃ ጨዋማ ነው፤ ቀለም ላይ ሲደርቅ ነጭ ክብ ትቶ ይሄዳል፣ ከቆየ ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል። የበረዶ ውሃ ግን ምንም አይተውም። የሴሌዶን የመጨረሻ ውሃ ይኼ ነው። አንድ የዛፍ ቅጠል ተንሳፍፎበታል። ከሞተ ጀምሮ ክዳኑን ነክታው አታውቅም፤ ዛሬ ስታነሳው የጠበቀችው ሽታ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ ለማንኛውም ውሃ ውሃ ብቻ ነው የሸተተው። ባልዲዎቹን ከበርሜሉ ሞላች፣ ለመጨረሻ ማለቅለቂያ የሚበቃውን አስቀረችና ሥራዋን ጀመረች።

መጀመሪያ ውሃ ብቻ። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ቀስታ ዝናብ፣ አቧራው ራሱ ለቆ እስኪወርድ። ኦኖፍሬ ሳጥኑ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ይኼን አልጠበቀም። ቀጥሎ ሳሙናው፤ የዕቃ ማጠቢያው ሳይሆን ከሴሌዶን መደርደሪያ የወረደው፣ ሰሙን የማይልጠው። የበግ ጸጉሩን ጓንት እጇ ላይ አጠለቀች። «አሁን ጸጉርሽን» ይላት ነበር ጣሪያዋን ሲይዝ፤ እሷም ጣሪያውን ያዘች። «ቀጥ ብለን፣ ቀጥ ብለን። እየዞረ የሚያጥብ ሰው ሸረሪት ነው፤ ድሩን እላይሽ ላይ ትቶ ይሄዳል።» እጇ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። አንድ ክንድ ያህል አጥባ ጓንቱን በንጹሑ ባልዲ ታለቀልቃለች፣ ማጥለያው ላይ ታሻሻለች፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው። ሳትጫን፤ የጓንቱ ክብደት ራሱ ይበቃል። «ከተጫንኩሽ ንገሪኝ» ሲላት ትሰማ ነበር። ያኔ ያ ቃል በጣም አናድዷት ነበር። ዛሬ ግን እጇ ላይ ያለውን ክብደት እየለካች፣ ሰውዬው ይኼን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት አመጣው እያለች ትገረማለች።

የፊት ኮፈኑን ጨርሳ ወደ ኋላ ስትዞር ነው ጓንቱ ከሳሙናው ጋር ሟልጮ ከእጇ አምልጦ የወደቀው። ጠጠሩ ላይ። ጠፍ አለ።

ኦኖፍሬ ብድግ አለ። ባርኔጣው ላይ የተከመረው ጥጥ ሁሉ ተበተነ።

«ወደቀ» አለ።

«አይቻለሁ።»

«መሬት የነካ…»

«መሬት የነካ ሁለተኛ አይነካትም። አውቃለሁ፣ ኦኖፍሬ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አላለም። ሌላ ጓንት እንደሌለ እሱም ያውቃል። ሴሌዶን አንዱ አልቆ ሳይበሳ ሌላ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ሳሙናው ጣሪያው ላይ መድረቅ ሊጀምር ነው፤ ፀሐይዋም የቆርቆሮውን ጥላ ከጫፍ እየበላች ወደ ጎማው ትቀርባለች። ኦርሊንዳ ሳሙናውን በጣሳ ውሃ አረጠበችና ጉልበቷ እንደፈቀደላት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው የቤት ጫማ ይዛለች። ባለፈው ገና ሴሌዶን የገዛላት ነው፤ ውስጡ የበግ ጸጉር፣ ከመኪናዋ ጓንት ጋር ከአንድ ሱቅ፣ ምናልባትም ከአንድ በግ። ስጦታውን ስትከፍት፣ ለመኪናዋ ሲገዛ ትዝ ያልኩት እኔ ነኝ ብላ ከሳጥኑ ሳታወጣው መሳቢያ ውስጥ ቀብራው ነበር። አሁን ሶሉን በመቀስ ቆርጣ ጣለችው፣ ጫማውን ገለበጠችው፣ እጇን ከተተችበት። ልክ ሆነ።

ኦኖፍሬ አፉ ተከፈተ። «ጫማ? የወንድሜን መኪና በጫማ?!»

«መሬት ነክቶ አያውቅም» አለች።

ካሲልዳ ከአጥሩ ማዶ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ እያየች ነበርና ሳቋ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

የኋላ ኮፈኑ ጋ ደረሰች። ከዚያች ልጅ ጋር እንዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ግንባሯን አጠበች። አፍንጫዋን፣ ያን ጽጌረዳ፣ አንገቷን። ሳሙናው ዓይኗ ላይ ሲወርድ ኦርሊንዳ ሳታስበው «ጨፍኚ፣ የኔ ቆንጆ» አለች፤ ብላም ደነገጠች፣ ዞር ብላ አየች። ኦኖፍሬ አልሰማም፤ የራሱን ጫማ እያየ ነው። ጎማዎቹንና ከታች ያለውን ጭቃ በሌላ ጨርቅ ለመጨረሻ አቆየች። ከዚያ የሴሌዶንን በረዶ ከላይ ጀምራ አፈሰሰችላት፤ ውሃው እንደ ሐር ተንሸራቶ ወረደ። ፎጣውን አላሻሸችም፤ አነጠፈችው፣ በመዳፏ እያሳረፈች አነሳችው፣ ደግማ አነጠፈችው። በርሜሉ ስር የቀረችውን ደግሞ በጠርሙስ ቀድታ መኪናዋ ውስጥ፣ ከመሪው ጎን ባለው የክሩስኮቱ ኪስ አስቀመጠች። ሴሌዶን በየዓመቱ እንዲሁ ሲያደርግ አይታለች።

ኦኖፍሬ ትንሿን ባትሪውን አብርቶ እየተሳበ መረመራት። በሯን፣ ጣሪያዋን፣ የፓራውልቱን ጥግ። ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አሃ!»

ኦርሊንዳ ጠጋ ብላ አየች። ቀጭን፣ ነጭ፣ ጠምዘዝ ያለ መስመር። ረጅም ጊዜ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ኦርሊንዳ እፍ አለችው። መስመሩ ተነስቶ በረረ። የኦኖፍሬ ጢም ነበር።

«ገና ነው» አለ ቀጥ እያለ፣ ጢሙን እየዳበሰ። «ቀኑ አላለቀም። ጸበሉ እስኪያልቅ ነው።»

አብረው ሄዱ። እሷ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኗ፣ ጫማው ስር ጋዜጣ አንጥፎ። በእስፓኞላ መንገድ በበረከቱ ቀን ማንም አይቸኩልም፤ የሚቸኩል ሰው ቀለሙን የማይወድ ሰው ነው። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች ኢምፓላዋን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ለሴሌዶን ይሁን ለመኪናዋ አይታወቅም። ኦርሊንዳ ኦኖፍሬን፣ ወንድሙ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲያይ ምን እንደተሰማው ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር። አልጠየቀችም።

አደባባዩ ላይ መኪናዎቹ በተርታ ተሰልፈዋል። ከተራራው መንገድ የመጣው አቧራና የዛፉ ጥጥ በሁሉም ላይ ስስ ሆኖ አርፏል፤ ይኼ ምንም አይደለም፣ ካልነኩት አይጎዳም። ችግሩ አባ ቶቢያስ ናቸው። አባ ቶቢያስ ጸበል ሲረጩ እሳት የሚያጠፉ ነው የሚመስሉት። ጸበሉን ከቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ፣ ያውም ከከተማው ሁሉ ጨዋማ ከሆነው፣ በባልዲ ያስቀዳሉ፤ የሚረጩበት ደግሞ የግድግዳ መቀቢያ ብሩሽ ነው። ልማዱ ደግሞ ይኼ ነው፤ አባ ተርታውን ጨርሰው የመጨረሻውን ጸሎት እስኪደግሙ ማንም መኪናውን አይነካም። ጸበል የጠረገ ሰው በረከቱን ጠረገ ይባላል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያች ሰዓት የጎለመሱ ወንዶች፣ ወታደር የነበሩ፣ እስር ቤት የገቡ ሁሉ፣ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው፣ ጠብታው ቀለማቸው ላይ ከዳር ወደ መሃል ሲደርቅ እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንዱ ባለፈው ዓመት ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ሙቀቱ ነው አለ፣ ሁላችንም ግን አውቀነዋል።

አባ ቶቢያስ ኢምፓላዋ ጋ ደርሰው «ነፍስህን ይማር፣ ሴሌዶን» አሉና ብሩሹን እስከ እጀታው ነክረው ለሟቹም ጭምር ረጩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ኦርሊንዳ የክሩስኮቱን ኪስ ከፍታ ጠርሙሷን ያዘች። ሴሌዶን ጸበሉን አይጠርግም ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ ይታገሳል፣ ከዚያ በበረዶው ውሃ መልሶ ያረጥበዋል፣ በፎጣ አቅፎ ያነሳዋል። ትንሽ መታገሥ ነው። ተርታው ግን ረጅም ነው፤ አባም እያንዳንዷን መኪና በስሟ ይጠራሉ።

ኦኖፍሬ የኋላ ኮፈኑ ጋ ቆሟል። በሥዕሏ ጉንጭ ላይ አንድ ትልቅ ጠብታ ተቀምጣለች። ዳሯ ነጣ። ኦኖፍሬ ዓይኑን አነሳ፣ ሰማዩን አየ። መለሰ። ጠብታዋ ጠበበች፣ ነጩ ክብ ሰፋ። ኦርሊንዳ ጠርሙሷን እንደያዘች ጠጋ አለችው። «ኦኖፍሬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ቆይ። ውሃ አለኝ።» አልሰማትም። የወንድሙ ሥራ ዓይኑ እያየ እየተበላ ነው። እጁ ራሱ ኪሱ ገባ፣ ነጩን መሐረብ መዘዘ፣ ጠረገ።

ሽር አለ።

እንዲህ ያለ ድምፅ እዚያ አደባባይ ላይ ከጥይት ይበልጥ ይሰማል። ተርታው ሁሉ ዞረ። አባ ቶቢያስ ብሩሻቸውን አየር ላይ እንዳነሱ ቀሩ። ከሥዕሏ ዓይን ስር ተነስቶ እስከ ከንፈሯ ጥግ፣ እንደ ጸጉር ቀጭን፣ ፀሐይ ላይ ብልጭ የሚል ጭረት።

«በመሐረብ!» አለች ካሲልዳ ከሕዝቡ መሃል። «ያውም ጠዋት ጫማህን በጠረግክበት!»

ኦኖፍሬ መሐረቡን አየው። የግቢው አሸዋ አሁንም እጥፋቱ ውስጥ ያብረቀርቃል። «ሊደርቅ ነበር» አለ፣ ሳህን እንደሰበረ ልጅ። «ኦርሊንዳ… ሊደርቅባት እኮ ነበር።» ማንም አልሳቀም፤ እዚያ ከቆሙት አንዱ እንኳ እጁ ኪሱ ያልገባ አልነበረም።

«እንግዲህ» አሉ አባ ቶቢያስ ብሩሹን እያወረዱ፣ «ያጠበችው ሳትጭር አጥባለች። የጫረው ሌላ ነው። ውርሱ የኦርሊንዳ ነው።» ማኅበርተኞቹ ባርኔጣቸውን ነቀነቁ። ኦኖፍሬ ይኼን የሰማ አይመስልም።

«አወጣዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ነገ እመጣለሁ። በእጄ ፈትጌ፣ ድርቡን መልሼ… የነበረ አይመስልም። ማንም አያውቅም። እሱ እንደሳላት አደርጋታለሁ።»

በረከቱ አንዴ ተጠርጓልና ኦርሊንዳ ጠርሙሷን ከፍታ የበረዶውን ውሃ በሥዕሏ ጉንጭ ላይ አፈሰሰች፤ ነጩ ክብ ሟሟ። ፎጣውን አነጠፈች፣ አነሳች። ጭረቱ አለ። ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ የራሷን ጉንጭ በጣቷ ዳበሰች፣ ከዓይኗ ስር እስከ ከንፈሯ ጥግ፣ ያችኑ መንገድ።

«አትነካትም» አለች።

«ኦርሊንዳ…»

«አትነካትም አልኩህ! አርባ ዓመት ሙሉ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይብቃት። እሷም ትጀምር እንጂ።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ቶቢያስ ናቸው። ከዚያ አደባባዩ ሳቀ፤ ካሲልዳ እስክታለቅስ ሳቀች፣ ኦርሊንዳም በሳቁ መሃል «ካሲልዳ፣ ማጥለያዬ ተገኘ» አለቻት። «የት?» «ባልዲው ውስጥ።» «እኔን ደግሞ አንድ በጋ ሙሉ ሰላም የነሳሽኝ!» «ምን ላድርግ፣ የሞተ ሰው ክሰሺ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኦኖፍሬ መሐረቡን ጨብጦ ከፊት ያለውን መንገድ ያያል። ድልድዩን አለፉ።

«ጋራዤ ባዶ ነው» አለ።

«ሰምቻለሁ። ምንጣፍ ሁሉ አንጥፈሃል።»

አንገቱን ደፋ። «ሲያጥባት ያወራት ነበር አይደል? እኔ ስመጣ ዝም ይላል። ምን ይላት ነበር?»

ኦርሊንዳ ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ብዙ» አለች።

በሩ ላይ ስትቆም ሞተሩን አጠፋች፤ ኢምፓላዋም በቀስታ ተንበረከከች። ኦኖፍሬ ሊወርድ እጁን ወደ በሩ ሰደደ። «ቅዳሜ ጠዋት ና» አለችው። «የራስህን ባልዲ ይዘህ። ስሩ ላይ የሚደፋ ማጥለያ ግዛ፤ የእኔን እንዳትነካ።»

«ሕጉስ? ባዕድ እጅ…»

«ሕጉ ቤተሰብ ይላል። ጓንት አታስብ፤ አንድ እግር ጫማ ቀርቶኛል።»

እንግዲህ ምያለሁና ማንኪያዬ እንዳይወድቅብኝ አንዲት ነገር ላርም። ቁራውም እውነት ነው፣ ጥርሱም እውነት ነው። የፈጠርኩት የመስኮቱን መጣበቅ ነው። ሴሌዶን ቀለም ቀብቶ የሚያጣብቅ ሰው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ኦርሊንዳ ቤት እንቁላል ልበላ ገብቼ ነፋስ አንገቴን ቢመታኝ፣ መስኮቱን በአንድ ጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተዘጋ። ኦርሊንዳ ከምድጃው ሳትዞር፣

«ክፈተው» አለችኝ።